ከአዳራሽ እስከ ሬጅስትራር፦ አጭር የዩኒቨርሲቲ ሥልጠና መቼ ነው ምስክርነት የሚሆነው?

በባሕር ዳር በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው የከተማዋ ሥራ ፈላጊዎች ምን ዓይነት ሰነድ ይዘው እንደሚዞሩ ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም። አንድ ወጣት ከሚያስገለብጠው ፋይል ውስጥ አንድ ዲግሪና አንድ ትራንስክሪፕት ይወጣሉ፤ ከእነሱ ሥር ደግሞ አምስት ስድስት ባለ ቀለም ወረቀቶች ይከተላሉ። የሦስት ቀን የአመራር ሥልጠና፣ የአምስት ቀን የጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ የመሥራት) ሥልጠና፣ የአንድ ሳምንት የኢንተርፕረነርሺፕ ሥልጠና እያለ ይቀጥላል። ሁሉም ማኅተም አርፎባቸዋል፤ አንዳንዶቹ ላሚኔት ተደርገዋል፤ አብዛኞቹም ሰውየው «ስለተሳተፈ» የተሰጡ መሆናቸውን ይናገራሉ። ቀጣሪው ዲግሪውን ያነብባል፣ የቀሩትን ቆጥሮ ያልፋል።

ማይክሮ ክሬደንሻል በሚል ስም በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች እየተስፋፋ ያለው አሠራር በመልኩ ከእነዚህ ወረቀቶች ብዙም አይለይም። አጭር ነው፣ በአንድ ጠባብ ክህሎት ላይ ያተኩራል፣ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት ይሰጣል። የሚለየው ወረቀቱ እንዲናገር በሚገደደው ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ባጸደቀው የውሳኔ ሐሳብ መሠረት የተማሪውና የሰጪው ተቋም ስም ብቻ አይበቃም፤ ተማሪው ምን መሥራት እንደቻለ፣ ለዚያ በግምት ስንት ሰዓት እንደሚያስፈልግ፣ በምን ዓይነት ምዘና እንዳለፈና የፕሮግራሙ ጥራት በምን መንገድ እንደተረጋገጠ ወረቀቱ ላይ መስፈር አለበት። ኒው ዚላንድ ቀደም ብላ እ.ኤ.አ. በ2018 አሠራሩን በብሔራዊ የብቃት ሥርዓቷ ውስጥ ስታስገባ ከ5 እስከ 40 ክሬዲት የሚል ወሰን አበጀች። በእነሱ ስሌት አንድ ክሬዲት የ10 ሰዓት ትምህርት ስለሆነ ይህ ከ50 እስከ 400 ሰዓት መሆኑ ነው። ያኔ ፕሮግራሙን የሚያጸድቀው አካል ትምህርቱ ተፈላጊ ለመሆኑ ከቀጣሪዎች ወይም ከማኅበረሰቡ ማስረጃ ይጠይቅ፣ ከጸደቀም በኋላ በየዓመቱ እንዲከለስ ያዝ ነበር።

የእኔ ክርክር ከዚህ ይነሣል። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች አጭር ሥልጠና መስጠት አላቃታቸውም፤ እንዲያውም ሲሰጡ ነው የኖሩት። የጎደላቸው ሥልጠናው ካለቀ በኋላ «ይህን ወረቀት የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እመሰክርለታለሁ» የሚል የሥራ ክፍል ነው። ስለ ሥርዓተ ትምህርት ቀረጻም ሆነ ስለ ማጽደቅ የሚነሣ ክርክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚህ ጉድለት ይመለሳል።

ሁለት በሮች

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን አዲስ የዲግሪ ፕሮግራም የሚያልፍበት መንገድ በአብዛኛው የታወቀ ነው። የትምህርት ክፍሉ የፍላጎት ዳሰሳ ያካሂዳል፤ ረቂቅ ሥርዓተ ትምህርት ያዘጋጃል፤ ከሌላ ዩኒቨርሲቲና ከሥራው ዓለም የተጋበዙ ገምጋሚዎች በአውደ ጥናት ይተቹታል፤ የተስተካከለው ረቂቅ በትምህርት ክፍሉ ጉባኤ በኩል ወደ ፋኩልቲው ወይም ኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን ይሄዳል፤ የሥርዓተ ትምህርትና የጥራት ጉዳይ የሚመለከተው ኮሚቴ ካገላበጠው በኋላ ሴኔቱ ያጸድቀዋል። ይህ ሁሉ ዓመት ቢፈጅ አይደንቅም፤ ለአራትና ለአምስት ዓመት ትምህርት አንድ ዓመት መዘጋጀት ተገቢ ነው። ለ80 ሰዓት ሥልጠና ግን ይኸው መንገድ መቃብር ነው። ረቂቁ ሴኔት እስኪደርስ ሥልጠናውን የጠየቀው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ተቀይሯል፣ ሶፍትዌሩም ሌላ ሆኗል።

በጓሮ በኩል ያለው ሁለተኛው በር ደግሞ ጠባቂ የለውም ማለት ይቻላል። አንድ መምህር ከፕሮጀክት ገንዘብ ያገኛል፤ ስላይድ ያዘጋጃል፤ አዳራሽ ይያዛል፤ የምስክር ወረቀቱን ዲኑ ወይም የማኅበረሰብ አገልግሎት ኃላፊው ይፈርመዋል። ሬጅስትራሩ ስለ ጉዳዩ የሚያውቀው ነገር የለም። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ቀጣሪ ደውሎ «ይህ ሰው በእርግጥ እናንተ ዘንድ ሠልጥኗል?» ቢል መልስ ሊሰጥ የሚችለው ምናልባት መምህሩ ብቻ ነው፤ እሱም ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ ሄዷል።

ሦስተኛ በር መክፈት የሴኔቱ ሥራ ነው፤ ይህን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ቢሠራው ይበቃል። ሴኔቱ እያንዳንዱን አጭር ፕሮግራም ለየብቻ ከሚያጸድቅ ይልቅ፣ ማንም ሊጥሳቸው የማይችሉ ሕጎችን በአንድ መመሪያ ደንግጎ የማጽደቁን ሥልጣን ለአካዳሚክ ኮሚሽኖች ቢያወርደው ማመልከቻ በሳምንታት ውስጥ ውሳኔ ማግኘት ይችላል። በመመሪያው ከሚገቡት ሕጎች የመጀመሪያው የልክ ሕግ ነው። ኢሲቲኤስ በሚባለው የአውሮፓ የክሬዲት አቆጣጠር ሥርዓት አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ድካም ነው፤ በእኛም ሞጁላር ሥርዓተ ትምህርት 5 ኢሲቲኤስ 135 ሰዓት ሆኖ ሲሰላ ቆይቷል። በዚህ ሚዛን የአምስት ቀን ሥልጠና፣ የሻይ እረፍቱን እንኳ ሳንቀንስ፣ 40 ሰዓት ማለትም አንድ ክሬዲት ተኩል ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ወረቀቱ ላይ መጻፍ ብቻ ብዙ ግነትን ያስቀራል። ሁለተኛው የስያሜ ሕግ ነው፤ «ዲፕሎማ» የሚለው ቃል በአገራችን ሌላ ትርጉምና ሌላ ክብደት ስላለው ለአጭር ፕሮግራም ፈጽሞ መዋል የለበትም። ሦስተኛው ሕግ የጥራት ማረጋገጫው ክፍል የጸደቀውን ፕሮግራም በማናቸውም ጊዜ የማገድ ሥልጣን እንዲኖረው ያደርጋል። ሥልጣን ወደ ታች ሲወርድ የማገድ መብት ከላይ ካልቀረ ሦስተኛው በር ቀስ በቀስ ሁለተኛውን መምሰሉ አይቀርም።

የእምቦጩ ምሳሌ

በቀረጻው ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ጥሩና መጥፎ ፕሮግራም የሚለዩት እዚህ ነውና። የማነሣው ፕሮግራም የእኔ ፈጠራ ነው፤ ችግሩ ግን አይደለም። እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታወቀ ወዲህ በተለይ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ፣ የደንቢያን፣ የጎንደር ዙሪያን፣ የሊቦ ከምከምንና የፎገራን ወረዳዎች ሲያስጨንቅ ኖሯል። አረሙ በነፋስና በሞገድ ስለሚንሳፈፍ ዛሬ የታየበት ቦታ ነገ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የወረዳ ባለሙያዎች ስርጭቱን በሳተላይት ምስል እንዲከታተሉ የሚያስችል የ3 ክሬዲት፣ የ80 ሰዓት ገደማ ፕሮግራም እንቅረጽ እንበል።

በተለመደው አጻጻፍ የሥልጠናው ዓላማ «ሠልጣኞች የርቀት ዳሰሳን ምንነትና ጠቀሜታ ይረዳሉ» የሚል ይሆናል። «መረዳት» ሊለካ የማይችል ስለሆነ ማንም ሊወድቅበት የማይችል ዓላማ ነው። በቅጡ የተቀረጸ ውጤት እንዲህ ሊል ይችላል፦ ሠልጣኙ በነጻ ከሚገኘው የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል ውስጥ ደመና ያልሸፈነውን መርጦ ያወርዳል፤ አረሙን ከውኃውና ከዳርቻው ደንገል ለይቶ ካርታ ይሠራል፤ ካርታውን በጀልባ ወርዶ በጂፒኤስ ከወሰዳቸው ነጥቦች ጋር አስተያይቶ የስህተቱን መጠን ያሰላል። እንዲህ ሲጻፍ ፈተናው ራሱን በራሱ ያወጣል፤ ሠልጣኙ ካርታውን ይዞ ይመጣል፣ ስህተቱንም ይናገራል።

ውጤቱን በዚህ ዝርዝር መጻፍ ሌላም ጥቅም አለው፤ የአዘጋጁን ድክመት ገና በረቂቁ ያጋልጣል። ሴንቲኔል 2 አንድን ቦታ በየ5 ቀኑ፣ በ10 ሜትር ጥራት ያነሣል፤ ይሁን እንጂ በብርሃን የሚሠራ በመሆኑ በክረምት ደመና ሥር ያለውን አያይም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጣና አብዛኛውን ጊዜ ደመና ስለሚያለብሰው በነዚያ ወራት ስርጭቱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ደመናን አልፎ የሚያይ ራዳር ያለውን ሴንቲኔል 1 መጠቀም ይኖርበታል፤ የራዳር ምስል ማንበብ ደግሞ ራሱን የቻለ ክህሎት ነው። አዘጋጁ «ይህ በ80 ሰዓት ይቻላል ወይስ ሌላ ፕሮግራም ይፈልጋል?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ግድ ይለዋል። ይህን ጥያቄ የሚያነሣው ብዙ ጊዜ የጂአይኤስ መምህሩ አይደለም፤ ካርታውን ተቀብሎ ሰውና ጀልባ የሚያሰማራው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ባለሙያ ረቂቁ ካለቀ በኋላ አስተያየት ስጥ ተብሎ ከሚጋበዝ ገና ከመጀመሪያው ረቂቅ አዘጋጅ ቢሆን ይበጃል።

የፍላጎት ማስረጃ የሚባለውም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። የድጋፍ ደብዳቤ በእኛ አገር ርካሽ ነው፤ ማንም ኃላፊ ለማንም ይጽፋል። አካዳሚክ ኮሚሽኑ ከቀጣሪው መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያለበት ጥቂትና የማያመልጥ ነገር ነው፦ ይህ ክህሎት በየትኛው የሥራ መደብ ላይ ይሠራበታል፣ ስንት ሰው ትልካላችሁ፣ ሠልጥኖ ሲመለስ የሚሠራበት ኮምፒውተር አለው ወይ? ለሦስተኛው ጥያቄ «የለም» የሚል መልስ ከመጣ ሥልጠናው ይቆይ።

የኢንተርኔቱ ጉዳይም የቀረጻ ጉዳይ እንጂ ለአይሲቲ ክፍል የሚተው አይደለም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ የቆየበት ጊዜ አይዘነጋም። ሙሉ በሙሉ በኦንላይን የሚሰጥ ፕሮግራም የሚያጸድቅ ኮሚሽን፣ ግንኙነቱ ቢቋረጥ ምስሎቹና መልመጃዎቹ በሃርድ ዲስክ የሚታደሉበት ዕቅድ ካልቀረበለት ለሠልጣኙ ዕዳ ማጽደቁ ነው።

አበልና ምዘና

አሁን ብዙ ጊዜ በጨዋነት ወደማይነሣው ነገር እንግባ። በአገራችን ሥልጠናና የውሎ አበል የተጋቡ ናቸው። ሠልጣኙ የሚመጣው በመሥሪያ ቤቱ ተመርጦ ነው፤ አበሉን የሚከፍለው ፕሮጀክት «ይህን ያህል ሰው አሠለጠንኩ» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍበት ቁጥር ይፈልጋል፤ አሠልጣኙም የሚከፈለው በቀን ነው። ከሦስቱ አንዱም ቢሆን ሰው እንዲወድቅ የሚያነሣሣው ምክንያት የለውም። እኔም አንድ ጊዜ በሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ ለአምስት ቀን ሠልጥኜ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ግማሽ በግማሽ ባዶ ሆኖ ሳለ በአምስተኛው ቀን ለፎቶውና ለወረቀቱ ሁላችንም ተገኘን። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ ፋይሌ ውስጥ አለ፤ በሥራ ማመልከቻ ላይ ጽፌው ያገኘሁት ነገር ግን የለም።

ዩኒቨርሲቲው ማይክሮ ክሬደንሻል ብሎ ሲነሣ ይህን ልማድ ሊያጠፋው አይችልም፤ ሊለየው ግን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሄደ የተሳትፎ ወረቀት ይሰጠው፣ ክፋት የለውም። ክሬዲት ያለበት ምስክር ወረቀት ግን ተመዝኖ ላለፈ ብቻ፣ ሥልጠናው ካበቃ ከሳምንታት በኋላ፣ በሬጅስትራሩ በኩል ይሰጥ። የሁለቱ ወረቀቶች መልክና ቀለም እንኳ ባይመሳሰል ይሻላል። አበል የሚከፍል ፕሮጀክት ካለም የክፍያው ከፊል ምዘናውን ከማጠናቀቅ ጋር ቢያያዝ አዳራሹ በአራተኛው ቀን ባዶ አይሆንም ነበር።

መዛኙስ ማን ይሁን? በቴክኒክና ሙያው ዘርፍ ይህ ጥያቄ መልስ ካገኘ ቆይቷል። ሠልጣኙ ኮሌጁን ከጨረሰ በኋላ የሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ) ምዘና የሚወስደው በሌላ አካል፣ በሙያ ደረጃው ላይ ተመሥርቶ ነው። በሲኦሲ አፈጻጸም ላይ ብዙ ቅሬታ ቢሰማም መርሑ ትክክል ነው፤ ያስተማረ ሰው ብቻውን አይመዝንም። ዩኒቨርሲቲዎችም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመውጫ ፈተናው ተመሳሳይ ትምህርት ቀስመዋል፤ የራሳቸው ውጤትና የውጭው ፈተና ምን ያህል እንደሚራራቁ አይተዋል። ለአጭር ፕሮግራም ብሔራዊ ፈተና ማዘጋጀት የሚታሰብ አይደለም። ከሌላ የትምህርት ክፍል ወይም ከቀጣሪው ወገን አንድ ሁለተኛ መዛኝ የሠልጣኞቹን ሥራ በናሙና ቢያይ ግን ወጪው የአንድ ቀን ክፍያ ነው።

ይህ አሠራር ሌላ በርም ይከፍታል። ከ2016 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በ«5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» ኢኒሼቲቭ ብዙ ወጣቶች በነጻ ኦንላይን ተምረው ምስክር ወረቀት አግኝተዋል። ምዘናው ከማስተማሩ ተለይቶ ከቆመ፣ ዩኒቨርሲቲው እነዚህን ወጣቶች ዳግም ክፍል ሳያስቀምጥ በራሱ ምዘና ብቻ ፈትሾ ክሬዲት ሊሰጣቸው ይችላል።

ከጸደቀ በኋላ

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዚህ ክርክር የሚሆን ምሳሌ አለ፤ እሱም ባሕር በሌለው አገር፣ በሐይቅ ዳር ከተማ የሚገኘው የማሪታይም አካዳሚ ነው። አካዳሚው በምህንድስና የተመረቁ ወጣቶችን ተቀብሎ በወራት ሥልጠና ለዓለም አቀፍ መርከቦች ያዘጋጃል። የመርከብ ባለቤቶች የእነዚህን ወጣቶች ወረቀት የሚቀበሉት ከበስተጀርባው እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የባሕረኞች የሥልጠና፣ የምስክር ወረቀትና የጥበቃ ደረጃዎች ስምምነት ስላለ ነው። ስምምነቱ አባል አገሮች የሥልጠናና የምስክር ወረቀት አሰጣጥ ሥርዓታቸውን ከ5 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በገለልተኛ ወገን እንዲያስገመግሙ ያስገድዳል። እሳት ማጥፋትንና በባሕር ላይ ሕይወትን ማትረፍን የመሰሉ መሠረታዊ የደኅንነት ብቃቶችንም ባሕረኛው ራሱ በየ5 ዓመቱ እንዳልዘነጋቸው ማሳየት ይኖርበታል። ከእነዚህ መሠረታዊ ሥልጠናዎች ብዙዎቹ በቀናት የሚቆጠሩ ናቸው። የጤናው ዘርፍም በተከታታይ የሙያ ማጎልበቻው፣ በተለምዶ ሲፒዲ በሚባለው፣ ተመሳሳይ መንገድ ይዟል፤ የሙያ ፈቃድ እድሳት ከሥልጠናው ጋር ተያይዟል፣ ሥልጠናውን የሚሰጠው አካልም ለዚሁ ሥራ እውቅና ማግኘት አለበት።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፤ ማጽደቂያው ራሱ የማብቂያ ቀን ይኑረው። የጣና ዓሣ አጥማጅ የደንገል ታንኳው ውኃ እየጠጣ እንደሚከብድ ስለሚያውቅ አውጥቶ ያደርቀዋል፤ ሲያረጅም በአዲስ ይተካዋል። የእኛ ፕሮግራሞች ግን አንዴ ከጸደቁ በኋላ የሚያያቸው ስለሌለ ያው ስላይድ ለዓመታት ይንከባለላል። ለአጭር ፕሮግራም ሦስት ዓመት በቂ ዕድሜ ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ አዘጋጁ ካላሳደሰው ያለ ማንም ውሳኔ ይዘጋ። አሁን ባለው ልማድ ለመዝጋት ስብሰባ ያስፈልጋል፤ ለመቀጠል ግን ዝም ማለት ይበቃል። ይህ መገልበጥ አለበት።

በየዓመቱ የሚቀርበው ሪፖርት ከሁለት ገጽ ባይበልጥ እመርጣለሁ። ስንት ተመዘገቡ፣ ስንት ጨረሱ፣ ስንት ወደቁ፣ ሁለተኛው መዛኝ ምን አለ፣ ከስድስት ወር በኋላ ከሠልጣኞቹ ምን ያህሉ ክህሎቱን እየሠሩበት ነው? ለሁለት ተከታታይ ዓመታት አንድም ሰው ያልወደቀበት ፕሮግራም ካለ የጥራት ክፍሉ ቢያንስ የምዘና ወረቀቶቹን አስመጥቶ ማየት አለበት። ምርጥ ሠልጣኞች ገጥመውትም ሊሆን ይችላል፤ ይታይ።

የገንዘቡ ነገር ሳይነሣ ቢቀር ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። ለዩኒቨርሲቲዎች የውስጥ ገቢ አስፈላጊነት እየጨመረ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. በተወሰደው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ራስ ገዝ የማድረግ ርምጃ የተጀመረው መንገድ ሌሎቹንም የሚጠብቅ ስለሆነ አጭር ፕሮግራም እንደ ገቢ ምንጭ መታየቱ አይቀርም። በራሱ ነውር የለበትም። ነውር የሚሆነው የመምህሩ ክፍያ በታደለው የምስክር ወረቀት ብዛት ሲሰላ ነው፤ የማስተማሩ ክፍያ በሰዓት፣ የምዘናው ክፍያ ደግሞ ሠልጣኙ ቢያልፍም ቢወድቅም እኩል መሆን አለበት። ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ የተወሰነ ድርሻ ለጥራት ክፍሉና ለሬጅስትራሩ በቅድሚያ ካልተቆረጠም ክትትሉ የበጎ ፈቃድ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ከግቢው ውጭ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በየዩኒቨርሲቲው የሚከፈተውን እያንዳንዱን የ80 ሰዓት ፕሮግራም ሊመረምር አይችልም፣ ባይሞክረውም ይሻላል፤ የዩኒቨርሲቲውን የማጽደቅና የመከታተል ሥርዓት ቢመረምርና ጥቂት ፕሮግራሞችን በናሙና ቢፈትሽ ግን ይበቃዋል። ሲቪል ሰርቪሱ በበኩሉ ለደረጃ እድገት በዋናነት የሚቆጥረው የትምህርት ደረጃንና የሥራ ልምድን እስከሆነ ድረስ የመንግሥት ሠራተኛው ለአጭር ፕሮግራም ከኪሱ የሚከፍልበት ምክንያት ትንሽ ነው፤ ይህን ዩኒቨርሲቲ ብቻውን አይለውጠውም። ጥቂት ፕሮግራሞችን አጠራቅሞ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ክሬዲት የመለወጡ ጉዳይም ያጓጓል፤ እኔ ግን ምዘናው ሳይጸና ወደዚያ መቸኮልን አልደግፍም፤ ደካማ ክሬዲት ዲግሪ ውስጥ ከገባ በኋላ ማውጣት አይቻልምና።

የሚቀረው መዝገቡ ነው። ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ መሥሪያ ቤቶችን እያስቸገረ ባለበት ጊዜ ያለ መዝገብ የሚሰጥ ወረቀት ለአስመሳዮች መንገድ ይጠርጋል። እያንዳንዱ ማይክሮ ክሬደንሻል በሬጅስትራሩ ቋት ውስጥ፣ ቢቻል ከሠልጣኙ የፋይዳ ቁጥር ጋር ተያይዞ ቢመዘገብና ወረቀቱ ላይ ባለው ኪውአር ኮድ የተማረው፣ የተመዘነበት ሥራና የመዛኞቹ ማንነት ቢታይ፣ መምህሩ ለሦስተኛ ዲግሪ ቢሄድም፣ ፕሮግራሙ በሦስተኛ ዓመቱ ቢዘጋም ለሚደውለው ቀጣሪ መልስ አይጠፋም። በማመልከቻው ላይ «መዝገቡን የሚይዘው ክፍል» የሚለው ቦታ ባዶ ሆኖ ከመጣ አካዳሚክ ኮሚሽኑ ሌላውን ገጽ ሳያነብ ወደ አዘጋጁ ይመልሰው።